የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ሁኚ ተባልኩ፤ ቅርንጫፉ ግን ውዝፍ ብድር የበላው ነው። ልቀበል?

ሞተር_አልነዳም · ኮምቦልቻ · ማክሰኞ ማታ 2:40

ሰላም የሰፈር ሰዎች። ሁሌ አንብቤ ነው የምወጣው። ዛሬ ጉዳዩ የራሴ ስለሆነ ልጻፍ።

ኮምቦልቻ አንድ የብድርና ቁጠባ ተቋም ውስጥ የብድር ሠራተኛ ነኝ። ስድስት ዓመት ሞላኝ። ስሙን አልጠራም፣ እንጀራዬ ነው። ባለፈው ሳምንት ኃላፊያችን ቢሮ ጠሩኝና «ለሥራ አስኪያጅነት አስበንሻል» አሉኝ። ቅርንጫፉ ደሴ ዙሪያ ነው። መጀመሪያ ደስታዬን አልቻልኩትም። ማታ ልጄን እያጠባሁ ሳስበው ግን «ለምን እኔ?» የሚል ነገር መጣብኝ።

ቅርንጫፉን ሁላችንም እናውቀዋለን። በሁለት ዓመት ሦስት ሥራ አስኪያጅ ቀይሯል፣ ሦስቱም ወንዶች። ውዝፉ ከአካባቢው ሁሉ የባሰ ነው። ለምን እኔን እንደመረጡ ስጠይቃቸው «ሴት የገባችበት ቅርንጫፍ ብድሩ ይመለሳል፣ በጥናት የተረጋገጠ ነው» አሉኝ።

ጥናቱን የሚያውቅ አለ? እውነት ነው ወይስ ማባበያ? የስምንት ወር ልጅ አለኝ። ሞተርም አልነዳም፣ ስሜን እያያችሁት ነው። ባለቤቴን ሳማክረው «አንቺ ታውቂያለሽ» ብሎ ዝም አለ። እሱ ዝም ሲል ደግሞ አልወድም።

ሐረጎ_ላይ · ማክሰኞ ማታ 2:52

መጀመሪያ እንኳን ደስ አለሽ ይባላል እንጂ! ደሴ ደግሞ እንደ ኮምቦልቻ እንዳይመስልሽ። ጋቢ ያዢ።

ጦሳ_ስር · ደሴ · ማክሰኞ ማታ 3:15

እህቴ እንኳን ደስ አለሽ። ግን አንድ ነገር ልናገር፣ አትቀየሚኝ።

እኔ ስምንት ዓመት በብድር ሠራተኛነት ሠርቼ ነው የወጣሁት። ብድር የሚመልሰው የሥራ አስኪያጅ ፆታ አይደለም። ዝናብ ነው። የሽንኩርት ዋጋ ነው። ፋብሪካው ደመወዝ በሰዓቱ መክፈሉ ነው። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ሱቃቸው ተራቁቶ የቀረ ሰዎች ነበሩ። እነሱን ወንድ ሄደ ሴት ሄደች ምን ያመጣል?

ሌላም አለ። እኛ ቅርንጫፍ ቀበሌ ሲደለደል ለሴቶቹ ከተማውና መንገድ ዳር ያለው ይሰጥ ነበር። «ሴት ናት፣ እንዴት ወንዝ ትሻገራለች» እየተባለ። እኔ ሁለት ሰዓት በእግር የሚኬድበት ደረሰኝ። ዓመቱ ሲያልቅ የነሱ አመላለስ ያማረ፣ የኔ የተንጠባጠበ። ሸልመው ፎቶ አነሷቸው። እስቲ ፍረዱ፣ ያ ፆታ ነው ወይስ ርቀት?

የሰኞ_ገበያ_ልጅ · ማክሰኞ ማታ 3:21

ፎቶው ነው ያንገበገበህ ሃሃሃ

የቁጥር_ሰው · ማክሰኞ ማታ 4:05

ርዕሱን ስለማስተምረው ልግባበት። ኃላፊሽ አልዋሹሽም። ግማሹን ነው የነገሩሽ።

ጥናቶቹ የሚጠይቁት የተለያየ ጥያቄ ነው፤ ሰው ግን አንድ ላይ ይደባልቃቸዋል። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) በ2011 የወጣ አንድ ጥናት በ70 አገሮች ያሉ 350 ተቋማትን አይቶ፣ የሴት ተበዳሪ ድርሻ ከፍ ባለበት ውዝፍም፣ ከመዝገብ የሚሰረዝ ብድርም ያነሰ መሆኑን አገኘ። ይህ ስለ ደንበኛ ነው፤ ስለ አለቃ ምንም አይልም። ሌላው ስለ ብድር ሠራተኞች ነው። አልባኒያ ውስጥ አንድ ባንክ ከ1996 እስከ 2006 የሰጠው ብድር ተመረመረ። ሴት ሠራተኛ አጣርታ የተከታተለችው ብድር የመበላሸት ዕድሉ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በልምድ ልዩነት ብቻ የሚገለጽ እንዳልሆነም ጽፈዋል።

ያንቺ ኃላፊ ያሰቡት በ2014 የታተመውን ይመስለኛል። በ73 አገሮች ያሉ 329 ተቋማትን ከ1998 እስከ 2008 የተከታተለ ነው። ሴት ዋና ሥራ አስፈጻሚ ወይም ሴት የቦርድ ሰብሳቢ ያላቸው ተቋማት ውጤታቸው የተሻለ ነበር። እስከዚህ ድረስ ትክክል ናቸው።

ግን ጥናቱ የሚያወራው ስለ ተቋም የበላይ ኃላፊ ነው እንጂ ደሴ ዙሪያ ስላለ ቅርንጫፍ አይደለም። ደግሞ ሴት መሪዎቹ በብዛት የተገኙት በዕድሜ ለጋ በሆኑ፣ ንግድ ተኮር ባልሆኑና ሴት ደንበኛ በሚበዛባቸው ተቋማት ነው። ሴት ደንበኛ ሲበዛ ውዝፍ እንደሚቀንስ ደግሞ ከላይ አይተናል። ታዲያ ውጤቱን ያመጣችው መሪዋ ናት፣ ደንበኞቹ ናቸው፣ ወይስ ድሮም ጤነኛ የነበረ ተቋም ነው ሴት የሾመው? አጥኚዎቹ ይህን ለመለየት ለፍተዋል። ውጤቱ ከተሻለ የቦርድ አስተዳደር የመጣ እንዳልሆነም በግልጽ አስቀምጠዋል። ከዚያ ወዲያ ያለው ያከራክራል።

ጦሳ_ስር፣ ስለ ቀበሌ ድልድሉ ያልከው ቀልድ አይደለም። ማን የት እንደተመደበ ሳይታይ ቁጥሩ ብቻውን አይናገርም።

ጦሳ_ስር · ማክሰኞ ማታ 4:11

ተመስገን፣ አንድ ሰው ተረዳኝ። ፎቶው ግን አላንገበገበኝም።

ጡረተኛው · ደሴ · ረቡዕ ጠዋት 1:30

ልጆች እንደምን አደራችሁ። እኔ ማታ ስለማልጽፍ አሁን ነው ያየሁት።

የኛን ዘመን ልንገራችሁ። የመጀመሪያው የአነስተኛ ፋይናንስ አዋጅ፣ ቁጥር 40፣ በ1988 ወጣ። ኋላ ፀደይ ባንክ የሆነው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በ1989 ፈቃድ አገኘ። ያኔ «ማይክሮፋይናንስ» የሚለውን ቃል ገጠር ውስጥ የሚያውቅ አልነበረም። መያዣ አንጠይቅም። ጎረቤታሞች ተሰባስበው አንዱ ለአንዱ ዋስ ይሆናል፤ የጠለፋ ዋስትና የምንለው ነው። ወሎ ላይ ቅሬ (ዕድር) ያለው ሰው ይህን ለመረዳት አስተማሪ አላስፈለገውም።

አሁን አንድ ያየሁትን። አንዲት ወጣት ሠራተኛ ተመደበችልኝና ይዣት ገጠር ወጣሁ። አንድ ገበሬ ለበሬ ተበድሯል። እኔ ደጅ ቆሜ «በሬው የታል?» አልኩት። «ግጦሽ ሄዷል» አለኝ። ማስታወሻዬ ላይ «አለ» ብዬ ጻፍኩ። እሷ ቤት ገብታ ከሚስቲቱ ጋር ቡና ትጠጣለች። አቦል ጠጣች፣ ቶና ጠጣች። እኔ ደጅ በፀሐይ እየተቃጠልኩ «ይቺ ልጅ ሥራ መጣች ወይስ ቡና ልትጠጣ» እላለሁ።

መንገድ ላይ «ጋሼ፣ በሬው ተሸጧል» አለችኝ። «ሚስትየው ነገረችሽ?» አልኳት። «ኧረ ምንም አልነገረችኝም። የበሬው ገመድ ግድግዳው ላይ ተጠቅልሎ ተሰቅሏል፤ ሸረሪት አድርቶበታል» አለችኝ።

በሳምንቱ ተመልሰን ሄድን። ሰውየው አመነ። ልጁ ታሞ ነው የሸጠው። ገና ክፍያው ሳያልፍ ጊዜ አራዝመንለት ከፍሎ ጨረሰ። እኔ ደጅ እንደቆምኩ ብቀር ያ ሰው በዓመቱ የተበላሸ ብድር ተብሎ ዋሶቹም ይከሰሱ ነበር።

ጦሳ_ስር · ረቡዕ ጠዋት 2:10

ጋሼ፣ አንቱ ካሉ አልክድም። ግን እኔንም ጓዳ ቢያስገቡኝ ገመዱን አየው ነበር።

እትዬ_ማናጀር · ደሴ · ረቡዕ ጠዋት 2:14

አያስገቡህማ!

ጡረተኛው · ረቡዕ ጠዋት 2:30

ያስገቡታል። የአጎቱ ልጅ ሰርግ ሲሆን።

የሰኞ_ገበያ_ልጅ · ደሴ · ረቡዕ ቀን 7:20

እናቴ አጠገቤ ቁጭ ብላ «ጻፊልኝ» እያለች ነው። ሰኞ ገበያ ሽሮና በርበሬ ትሸጣለች። ሃያ ዓመት አልፏታል። እንዳለችው ነው የምጽፈው፣ እኔ አልጨመርኩበትም።

«የመጀመሪያውን ብድር በስሜ ወሰድኩ። ብሩን ያየሁት ግን ስፈርም ብቻ ነው። ባሌ ተቀብሎ ለወንድሙ ሰጠው። የብድር ሠራተኛው ወንድ ነበር። ጨዋ ልጅ ነው። ከባሌ ጋር ቆሞ ያወራል፣ ይሄዳል። ከሽሮው እየቀነስኩ የከፈልኩት እኔ ነኝ። በሁለተኛው ዙር የመጣችው ሴት ናት። ገና ሳትቀመጥ “የባለፈው ብር ማን እጅ ገባ?” አለችኝ። ዝም አልኩ። “እንግዲያው ይሄኛው ሲወጣ እኔና አንቺ ነን የምንቆጥረው” አለች። እንዳለችውም አደረገች።»

እዚህ ላይ ሴቷን ታመሰግናታለች ብዬ ስጠብቅ ምን አለች መሰላችሁ?

«ያስለቀሰችኝም እሷው ናት። ወንዱ ሲጠይቅ ያፍራል። ታማለች ሲሉት ይመለሳል። ሴቷ ግን ወላሂ ዕቃዬን ከፍታ ታያለች። አንድ ቀን በርበሬውን ደብቄ “ሥራ የለም፣ ባዶ ነኝ” ብላት ሽታው አጋለጠኝ።»

ደግሞ አንድ ነገር አስታወሰችኝ። ጎረቤታችን ወለድ ያለበትን ብር አልነካም ብላ ስንት ዓመት ቆየች። ብድር ውስጥ የገባችው ከወለድ ነፃው ሲመጣ ነው። ተቋሙ ዕቃውን ገዝቶ፣ ትርፉን ነግሮ በረጅም ጊዜ ክፍያ ይሸጥልሻል፣ ሙራባሃ የሚባለው። «ወንዱ ሠራተኛ መጥቶ ለባሏ አስረድቶ ሄደ። እሷ የገባት ሴቷ ስትመጣ ነው» ትላለች እናቴ።

ሐረጎ_ላይ · ረቡዕ ቀን 7:41

ሴት የላከው ጅብ አይፈራም ይባል ነበር። አሁን ደግሞ ሴት የመጣችበት በርበሬ አያመልጥም።

አወያይ · ረቡዕ ቀን 9:00

ሁለት መልስ አጥፍቻለሁ። የተቋም ስም አትጥሩ። «ሴት ምን ታውቃለች» የምትለው ልጅ ደግሞ ሌላ ክር ፈልግ።

እትዬ_ማናጀር · ደሴ · ረቡዕ ማታ 2:05

ልጆቹን አስተኝቼ አሁን ገና ተቀመጥኩ።

ሞተር_አልነዳም፣ የኔ እህት፣ እኔ ዘጠኝ ዓመት ሥራ አስኪያጅ ነኝ። መጀመሪያ የሰጡኝ ቅርንጫፍ ያንቺን ዓይነት ነበር። ስገባ አንዱ ጮክ ብሎ «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» ብሎ ተረተብኝ። ሦስት ወር ሳይሞላ ፊርማዬን ፈልጎ ቢሮዬ ደጃፍ ላይ ቆመ። እሱን ተይው።

ከሥራ አስኪያጅነቱ በፊት የደረሰብኝን ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ስለ «ውጤት» ሲወራ ማንም የማያነሳው ነገር ነው። የመጀመሪያ ልጄን ወለድኩ። የዛሬው አዋጅ 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይሰጣል። መልካም። እኔ አራስ ቤት ስተኛ የኔ ተበዳሪዎች የራሱ ሥራ ለሞላው ሌላ ሠራተኛ ተደረቡለት። እሱም በምን አቅሙ ይዙርላቸው? ስመለስ ውዝፉ በስሜ ተጽፎ ጠበቀኝ። የዓመቱ ግምገማዬ ወረደ። ዕድገቱ ለሌላ ሰው ሄደ። ወረቀቱን ብቻ ያየ «ሴቷ ደክማለች» ይላል። እኔ አልደከምኩም፣ ወለድኩ። (ለአባት የተፈቀደው 3 ቀን ነው። የሱ ተበዳሪዎች በ3 ቀን ምን ይሆናሉ?)

አሁን በኔ ቅርንጫፍ የወለደች ልጅ ስትወጣ በዚያ ቀን ያለው ቁጥር ይዘጋል፣ ስትመለስ ካለው ጋር አይቀላቀልም። አንድ ገጽ ወረቀት ነው። አንድ ገጽ! ይህን ካደረግኩ በኋላ ወልዳ የለቀቀችብኝ ሠራተኛ የለም። ሠራተኛ ካልለቀቀ ደግሞ ደንበኛን የሚያውቅ ሰው አይጠፋም። የበሬ ገመድ የምታይ ልጅ በአንድ ቀን አትፈጠርም። ለኔ የሴት አመራር ጥቅም ይህ ነው። ሌላ ምሥጢር የለውም።

ሌላም ትንንሽ ነገር አለ። የምትሄጂበት ቅርንጫፍ ሽንት ቤት አለው? አትሳቁ። እኔ የመጀመሪያውን ወር ጎረቤት ምግብ ቤት እየለመንኩ ነው ያሳለፍኩት። ማስታወቂያ ላይ «ሞተር መንዳት የሚችል» ተብሎ ሲወጣ ስንት ሴት ሳታመለክት ትቀራለች? ከዚያ «ሴት አመልካች የለም» ይባላል። ዝውውርና ዕድገት ደግሞ ስብሰባ ላይ አይወሰንም፣ ከሥራ በኋላ ግሮሰሪ ነው የሚወሰነው። አንቺ በዚያ ሰዓት ልጅ ታጠቢያለሽ።

ልቀበል ወይ ላልሽው፣ ተቀበይ። ግን ርክክብ ሳታደርጊ እንዳትፈርሚ። የውዝፉን ዝርዝር በማዕከል (የተበዳሪ ቡድኖች የሚሰበሰቡበት ማለቴ ነው) እና በብድር ሠራተኛ ተለይቶ ጠይቂ። ስንት ቀን ያለፈው ስንት እንደሆነ ይጻፍ። ጊዜ የተራዘመላቸውን ለብቻ አስወጪ። ካዝናውን ራስሽ ቁጠሪ።

ሞተር_አልነዳም · ረቡዕ ማታ 3:30

እትዬ፣ ስለ ወሊዱ ያልሽው እኔም ላይ ደርሷል። ዘንድሮ። ጥፋቱ የኔ እየመሰለኝ ለማንም አልተናገርኩም ነበር።

ዝርዝሩን ነገ እጠይቃለሁ። እንዴት ብዬ እንደምጀምር ነው የማላውቀው።

የቁጥር_ሰው · ረቡዕ ማታ 4:20

«ለምን እኔ?» ላልሽው የሚሆን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2005 ሁለት ተመራማሪዎች የእንግሊዝ ትልልቅ ኩባንያዎችን አዩ። የአክሲዮን ገበያው በጠቅላላ ሲወርድ ሴት ወደ ቦርድ ያስገቡት ኩባንያዎች፣ ወንድ ካስገቡት ይልቅ፣ ቀድሞ ባሉት ወራት ሲያሽቆለቁሉ የከረሙ ሆነው አገኟቸው። ቤቱ ሲዘም ሴት ትጠራለች። ከወደቀ እሷ ናት የጣለችው፣ ከቆመ ደግሞ ዕድሏ ነው። ሁሌ እንዲህ ነው አልልም። ግን በሁለት ዓመት ሦስት ሰው የጣለ ወንበር ሲሰጥሽ መጠየቅሽ ጥርጣሬ አይደለም፣ ሥራ ነው።

ሳልረሳው፣ ባንክ ለሴቶች ማበደሩና ሴቶች ራሳቸው ባንክ መመሥረታቸው አንድ አይደለም። የባንግላዴሹን ግራሚን ባንክ ሁሉም ይጠራዋል። ከተበዳሪዎቹ ከ90 በመቶ በላይ ሴቶች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ከመሥራቹ ከሙሐመድ ዩኑስ ጋር የኖቤል ሰላም ሽልማት ተጋርቷል። ከሱ በፊት ግን በ1974 ህንድ፣ አህመዳባድ ውስጥ 4,000 ሴቶች እያንዳንዳቸው 10 ሩፒ አዋጥተው የራሳቸውን ባንክ ከፍተዋል፣ ሴዋ ይባላል። ከገበያ አትክልት የሚያዞሩና ጥራጊ የሚለቅሙ ሴቶች ናቸው። ብዙዎቹ ፊርማ ስለማያውቁ የባንክ ደብተራቸው ላይ ፎቷቸው ተለጠፈ። ሴቷ እንደማትጽፍ ያወቀ ሰው ነው ይህን ያሰበው።

ጦሳ_ስር · ረቡዕ ማታ 4:33

እሺ፣ ትናንት «ፆታ አይደለም» ያልኩትን ትንሽ ላሻሽለው። ለነዚያ ልጆች መንገድ ዳሩን የሰጣቸው አለቃ ለነሱ አዝኖ አልነበረም ማለት ነው። ሩቁን ቀበሌ ያልያዘ ሰው ሥራ አስኪያጅ አይሆንም ነበር እኛ ጋ። «የመስክ ልምድ» ይባላል። እኔን ጎዱኝ ብዬ ስናደድ እነሱም በዚያው ቀርተዋል። ፎቶ ይዘው።

ኦዲት_ክፍል · ሐሙስ ጠዋት 3:10

እኔ ወሬ አልወድም፣ ስለ ቁጥሩ ብቻ ልናገር።

ፓር 30 የምንለው ክፍያው ከ30 ቀን በላይ ያለፈበት ብድር ከጠቅላላ ብድሩ ያለው ድርሻ ነው። ብዙ ሰው የሚስተው፣ የሚቆጠረው ያለፈው ክፍያ ብቻ አይደለም፤ ቀሪው ዕዳ በሙሉ ነው። 20 ሺህ ብር ተበድራ 8 ሺህ የመለሰች ሴት አንዷን የ1 ሺህ ብር ክፍያ 31 ቀን ብታሳልፍ ፓር ውስጥ የሚገባው 12 ሺህ ነው። ስለዚህ ለአንዲት ደንበኛ በጊዜ ቢደወልላት ቁጥሩ በ1 ሺህ ሳይሆን በ12 ሺህ ይለወጣል። ቶሎ የሚያውቅ ሠራተኛ ዋጋው እዚህ ላይ ነው፣ ጋሼ የነገሩን ገመድም ከዚህ አይወጣም።

ፓር ሲወርድ ግን ሁሌ ብድር ተመለሰ ማለት አይደለም። አዲስ ብድር በገፍ ከሰጠህ ጠቅላላው ስለሚያብጥ ድርሻው ይወርዳል። ያለፈበትን ብድር በአዲስ የክፍያ ፕሮግራም ካራዘምከው ንጹሕ ይመስላል። ከመዝገብ ከሰረዝከው ጭራሽ ይጠፋል። ካንቺ በፊት የነበሩት ይህን አድርገው ከሆነ የሚፈነዳው አንቺ ወንበሩ ላይ በተቀመጥሽ በአምስተኛው ስድስተኛው ወር ነው። ያኔ «ሴት ገብታ አበላሸችው» ይባላል። ተገላቢጦሹም አለ። ጠንቃቃ ሥራ አስኪያጅ አዲስ ብድር ቀስ ብላ ስትሰጥ በመጀመሪያው ሩብ ዓመት ቁጥሯ ያስጠላል።

አዎ፣ የተራዘሙትን ለብቻ ጠይቂ።

ሐረጎ_ላይ · ሐሙስ ጠዋት 3:25

ወሬ አልወድም ብሎ ከሁላችንም በላይ አወራ።

ሞተር_አልነዳም · ኮምቦልቻ · ዓርብ ማታ 4:50

ዝርዝሩ መጣ። 11 ገጽ ነው። ስጠይቃቸው ኃላፊዬ ትንሽ ዝም ብለው «እስካሁን ይህን ወረቀት ሳይፈርም የጠየቀ ሥራ አስኪያጅ የለም» አሉኝ። ሙገሳ ይሁን ወቀሳ አልገባኝም። ግን ሰጡኝ።

ልጄ ተኝቶ በእርሳስ እያሰመርኩ ስቆጥር አመሸሁ። ከውዝፉ ከግማሽ በላይ የሆነው ሁለት ማዕከል ላይ ነው። ሁለቱም በአንድ ሠራተኛ እጅ የነበሩ ናቸው፤ ሠራተኛው ከለቀቀ ዓመት ሞልቶታል፣ ሰው አልተተካበትም። የቀሩት ማዕከሎች ደህና ናቸው። ቅርንጫፉ «የሞተ» ሲባል የኖረው በነዚህ በሁለቱ ነው።

አንዱ ማዕከል ላይ የሴቶች ቡድን አለ፣ 31 ናቸው። የስልክ ቁጥራቸውን ሳየው የራሳቸው መሆኑን ተጠራጠርኩ። ለማጣራት ለጥቂቶቹ ደወልኩ። አራት ጊዜ ደውዬ አራቱንም ያነሳው ወንድ ነው። አንደኛው «እሷ ስልክ የላትም፣ ምንድን ነው ለኔ ንገሪኝ» አለኝ። ስለ ብድሩ ስጠይቀው «የቱ ብድር?» አለኝ። ከጀርባው የሴት ድምፅ ይሰማል፣ «ማን ነው?» እያለች።

የሰኞ ገበያዋን እናት ሰላም በይልኝ። «ብሩ ማን እጅ ገባ» የሚለው ቀኑን ሙሉ ጆሮዬ ላይ ነበር።

ሰኞ እገባለሁ። የርክክቡ ቀን ቁጥር በደብዳቤ ይጻፍልኝ፣ ለሁለቱ ማዕከሎች አንድ ሠራተኛ ይቀጠርልኝ፣ እሷም ሴት ትሁንልኝ እላለሁ። ማስታወቂያው ላይ ሞተር የሚለውን አውጡት ልል ነበር፤ ከዚያ እኔው ራሴ ካልቻልኩ በምን አፌ አልኩ።

እትዬ_ማናጀር · ዓርብ ማታ 5:02

ሽንት ቤቱንስ?

ሞተር_አልነዳም · ዓርብ ማታ 5:04

አለ! ቁልፉ ግን ዘበኛው ጋ ነው።

ሐረጎ_ላይ · ዓርብ ማታ 5:10

ሚኒባስ መንዳት ከመጀመሬ በፊት አምስት ዓመት ሞተር ነድቻለሁ። እሑድ ጠዋት 1 ሰዓት መኪና የማይበዛበት ሜዳ ላይ አስተምርሻለሁ፣ በነፃ። ባለቤትሽም ይምጣ፣ በኋላ ነገር እንዳይሆን።

ሞተር_አልነዳም · ዓርብ ማታ 5:31

ስልኬን ተቀብሎ ክሩን ከላይ እስከ ታች አነበበው። «ልጁን እኔ እይዛለሁ። ሞተሩን ግን ሌላ ሰው አያስተምርሽም፣ ራሴ ነኝ የማስተምርሽ» አለኝ።

እሱ ሞተር አይችልም።